ገመዱን አትቀሚው፣ ቦታውን ቀይሪለት

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአምስት ዓመት ወንድ ልጅና ገና ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሴት ልጅ አለኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ መጫወቻ ቢገዛለትም ዞር ብሎ አያየውም። ማሰር፣ መጎተት፣ መፍታት ነው ሥራው። ባለፈው ሳምንት የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛውን ሶፋው ላይ አስደግፎ አምስት ኪሎ ሩዝ እየገፋ ሊያወጣ ሲታገል አገኘሁት። በማግስቱ ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመድ ዘንቢል ላይ አስሮ ከበረንዳ ታች ላለው ጓደኛው ሲያወርድ ደረስኩበት። ጮኼ ገመዱን ነጠቅኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። የኬጂ መምህሩ ‹አይቀመጥም፣ ፊደሉም ወደ ኋላ ቀርቷል› አለችኝ። ባለቤቴ ጨዋታው ቀርቶ ፊደል ያጥና ባይ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ‹ይሄ የተሸካሚ ጨዋታ ነው፣ ከአሁኑ አስተዪው› ይሉኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ኢንጂነር ነው የወለድሽው፣ ጥሩ መጫወቻ ልላክለት› ትላለች። የማንን ልስማ?»

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ የበረንዳውን ጉዳይ እንጨርስ። እሱ ላይ ድርድር የለም። መጮህሽ ልክ ነው። ልጅ ዘንቢል ሲያወርድ ዓይኑም ልቡም ዘንቢሉ ጋ ነው። ራሱ ብረቱ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ አያውቅም። ዘንቢሉም ታች የሚያልፍ ሰው አናት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዛሬውኑ ከበረንዳው ብረት አጠገብ ያለውን ወንበር፣ ጀሪካን፣ ሳጥን፣ ሊወጣበት የሚችለውን ነገር ሁሉ አንሺ። በሩም እሱ የማይደርስበት መቀርቀሪያ ይኑረው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ዓይኑን እያየሽ ንገሪው፤ «በረንዳ ላይ ገመድ የለም። ሌላ ቦታ እንሠራለን።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሻት። ሁለት ቀን ያስኮረፈው ጩኸትሽ ብቻ አይመስለኝም። ሥራው መሃል ላይ ተቋርጦበት ነው።

ሥራ ያልኩት አውቄ ነው። 22 ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። አንድ ልጅ ጊዜ ሲያባክንና አንድ ነገር ሲመረምር በመልኩ ይለያል። የሚመረምር ልጅ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣል። ስሙ ሲጠራ አይሰማም። ያው ነገር ሲወድቅበት ደግሞ ደጋግሞ ያነሳዋል። የአንቺ ልጅ ከሩዙ ጋር ሲታገል እንዲህ እንደነበር ሳላይ መናገር እችላለሁ።

እስኪ ወደ ሩዙ እንመለስ። ሶፋሽ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው እንበል። የመተኮሻው ጠረጴዛ ርዝመት ደግሞ 135 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ልጅሽ አምስቱን ኪሎ ብድግ አድርጎ ሶፋው ላይ ከመጫን ይልቅ ሦስት እጥፍ የሚረዝም መንገድ መረጠ ማለት ነው። በምላሹ የሚጠየቀው ጉልበት፣ ፍትጊያውን ካልቆጠርነው፣ ሲሶው ብቻ ነው። አምስት ኪሎው ወደ 1.7 ኪሎ ይወርድለታል። ይህን ማንም አልነገረውም። ክንዱ ነው የነገረው። ዓባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው መንገዱ ለምን እንደዚያ እየተጠማዘዘ እንደሚሄድ ያውቃል። ቀጥ ቢል መኪናው አይወጣውም። ስለዚህ መንገዱ ይረዝማል፣ ዳገቱ ይለዝባል። ልጅሽ ሳሎን ውስጥ የሠራው ይህንኑ ነው።

ትምህርት ቤት ሲገባ ይህን «ቀላል ማሽኖች» በሚል ርዕስ ይማረዋል። ስድስት ናቸው። ሊቨር የሚባለው ማንሻ፣ ጎማና ዘንጉ፣ ፑሊ የሚባለው ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ፣ እንደ መተኮሻው ጠረጴዛ ዘመም ያለ ተዳፋት፣ ሽብልቅና ብሎን። ስማቸውን አሁን እንዲያውቅ አትቸኩዪ። ለምን እንዲህ እንደምልሽ ልንገርሽ።

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ስድስቱንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በባለቀለም ጠመኔ ሥዬ ልጆቹን አስደገምኳቸው። «ሊቨር!» ስል «ሊቨር!» ይላሉ። በሳምንቱ ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። ወላጆችም ደስ አላቸው። አንድ ቀን ከመጋዘን አንድ ከረጢት አሸዋ ወደ ግቢው ማውጣት ነበረብን። ልጆቹን «ይሄን እንዴት እናውጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ «አባቴን ልጥራው» አለ። ሌላው «ከባድ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ስድስቱን ስም የደገሙት ልጆች፣ በሩ አጠገብ ተደግፎ የቆመውን ጣውላ አንዳቸውም አላዩትም። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ያዘንኩት በልጆቹ አልነበረም። ስሙን ሰጥቻቸው ነገሩን ነፍጌያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አስተማሪ ያደረገኝ አንድ ድንጋይ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። ግቢያችን ውስጥ በውኃ መውረጃው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የልጆቹ የካልሲ ኳስ ተንከባሎ ከድንጋዩ ሥር ገባ። እጅ ቢሰድዱ አይደርስም። አምስት ልጆች ከበው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። ዘበኛውን ልጠራ ሄጄ ስመለስ አንዲት ልጅ የተሰበረ የመወልወያ እንጨት ይዛ መጥታለች። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ስሟን ስጠራ እንኳ አንገቷን ደፍታ ነበር «አቤት» የምትለው። እንጨቱን ከድንጋዩ ሥር ሰክታ ወደ ላይ መጎተት ጀመረች። እንቢ አላት። አንድ ልጅ መጥቶ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ እንጨቱ መሬት ላይ የነበረች ግማሽ ጡብ ላይ አረፈና ድንጋዩ ብድግ አለ። በጣም ትንሽ ነው ብድግ ያለው። ጣት የምታህል ክፍተት። ልጆቹ ግን ጮኹ።

ዘበኛው ደርሶ «ዞር በሉ ልጆች፣ እኔ ላንሳው» አለ። ክንዱን ይዤ አስቆምኩት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለን አየን። እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲነሳ ማንም እጁን ከሥሩ እንዳይሰድድ ከልክዬ ኳሱን ራሴ በእንጨት ለማውጣት ቆምኩ። ጡቧን ከድንጋዩ አራቋት፤ ከበደ። አስጠጓት፤ ቀለለ። አንዱ እንጨቱን መሃሉ ላይ ያዘ፤ አልቻለም። ዝምተኛዋ ልጅ ጫፉን ይዛ ተጫነችና ዞር ብላ «እትዬ፣ ጫፉን ስይዘው ቀለለኝ» አለችኝ። ኳሱ ወጣ። እነሱ ግን ኳሱን ረስተውት ድንጋዩን እንደገና ሊያነሱት ተሰለፉ።

«ጫፉን ስይዘው ቀለለኝ።» ከዚህ የተሻለ የማንሻ ትርጉም አላውቅም። ቁጥር ካስፈለገ ይኸው። ጡቧ ከድንጋዩ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከልጅቷ እጅ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ብትርቅ፣ 40 ኪሎ የሚከብደው ነገር በ10 ኪሎ ጉልበት ይነሳል። ነገር ግን እጇ 40 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ድንጋዩ የሚነሳው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጉልበት ታተርፊያለሽ፣ መንገድ ትከፍያለሽ። ስድስቱም ጋ የሚሠራው ይኸው ሂሳብ ነው። የልጅሽ የመተኮሻ ጠረጴዛም ሦስት እጥፍ መንገድ ያስከፈለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤትሽ እንምጣ። ገመዱን መልሺለት። ቦታውን ግን ሳሎን አድርጊው። ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አድርገሽ መሃላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ተዪ። የመወልወያውን እንጨት ከአንዱ መደገፊያ ወደ ሌላው አጋድሚና ግራና ቀኙን ጠበቅ አድርገሽ እሠሪው። አንዱ ወንበር ላይ አንቺ ቁጭ በይ፣ ሌላው ላይ አማትሽ ይቀመጡ። ቀልዴን አይደለም። ወንበሮቹ እንዳይገለበጡ ክብደት ያስፈልጋቸዋል፤ እሳቸውም ጨዋታውን ከቅርብ ያዩታል። ዘንቢሉ ውስጥ አንድ ኪሎ ድንች ጨምሪ። ገመዱን በእንጨቱ ላይ አሳልፎ ይጎትት። ገመዱ እንጨቱን እየፈተገ ስለሚሄድ ይከብደዋል። ይክበደው። ዝም በይ። ትንሽ ቆይተሽ ካለቀ ሶፍት መሃል የሚቀረውን ክብ ካርቶን አምጪ፣ የእንጨቱን አንድ ጫፍ ፈትተሽ አጥልቂለትና መልሰሽ እሠሪው፤ ገመዱ በካርቶኑ ላይ እንዲያልፍ። ካርቶኑ አብሮ ይሽከረከራል፣ ዘንቢሉም ለስለስ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ፊቱን እዪው።

እዚህ ላይ ትልልቅ ሰዎች የምንሳሳትበት ነገር አለ። ፑሊ ሁልጊዜ ሸክም የሚቀንስ ይመስለናል። ከላይ የታሰረ አንድ ፑሊ ሸክሙን አይቀንሰውም። የሚቀይረው አቅጣጫውን ነው። ወደ ላይ ማንሳት ቀርቶ ወደ ታች መጎተት ይሆናል፤ ወደ ታች ስንጎትት ደግሞ የራሳችን ክብደት ያግዘናል። ልጅሽ ይህን በየጠዋቱ ያየዋል። ባንዲራ ሲሰቀል ገመዱ ወደ ታች ይሳባል፣ ባንዲራው ወደ ላይ ይሄዳል። «ባንዲራው ለምን ወደ ላይ ሄደ? እኔ ያየሁት ሰውየው ወደ ታች ሲጎትት ነው» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን አትንገሪው። ለአንድ ሳምንት ያብሰልስለው። ሸክሙን በእርግጥ በግማሽ የሚቀንሰው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሁለተኛ ፑሊ ሲጨመር ነው። ያኔ 4 ኪሎው በ2 ኪሎ ጉልበት ይነሳል፤ ዕቃው አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ግን ሁለት ሜትር ገመድ መሳብ አለበት። ይህ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ይድረስ።

የገመድ ሕግ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። አንገት ላይ ገመድ አይዞርም። በጨዋታም አይዞርም፣ ለፈረስ ጨዋታም አይዞርም። ትልቅ ሰው ከሌለ ገመዱ ከቁም ሳጥን በላይ ነው የሚያድረው።

ብሎንን በአንድ ወረቀት ልታሳዪው ትችያለሽ። ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ቁረጪ። ዘመም ያለው ጠርዝ ዳገት ይመስላል፤ አይደል? አሁን እርሳስ ላይ ጠቅልዪው። ዳገቱ እየዞረ የሚወጣ መስመር ይሆናል። ብሎን ማለት የተጠቀለለ ዳገት ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን ውስጡን እዩት፤ ያው መስመር አለ። ሽብልቅን ማስተማር አያስፈልግም፤ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ከሥር የምትሰኪያትን እንጨት ይስካት። ቢላዋና መጥረቢያም የሽብልቅ ዘር መሆናቸውን ሌላ ጊዜ ይደርስበታል፤ ለአሁኑ ቢላዋው ይቆየው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ፊደሉን እኔም እወደዋለሁ። ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው። 33ቱን በሰባት ብታባዛው 231 ይመጣል። የአምስት ዓመት ልጅ 231 ቅርጽ ገና ለይቶ አልጨረሰም ብሎ «ወደ ኋላ ቀረ» ማለት ይከብዳል። ፊደል የሚጻፈው በጣት ነው። ብሎን የሚያጠብቅ፣ ገመድ የሚቋጥር፣ ቋጠሮ የሚፈታ ጣት እርሳስ ሲይዝ አይዝልም። ይህን ያየሁት በክፍሌ ነው። መስመር ላይ መጻፍ የሚያስለቅሳቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ጣታቸው በሌላ ሥራ ያልጠነከረ ነበሩ። ፊደሉን ከጨዋታው ጋር አጋባው። ካርቶን ቆርጠህ «ላይ»፣ «ታች»፣ «ገመድ»፣ «ጎማ» ብላችሁ ጻፉና በየቦታው ለጥፉ። ሩዙ የሚወጣበት ላይ «ላይ» የሚል ጽሑፍ ካለ «ላ»ን የሚረሳ ልጅ የለም። ቃሉም ይበዛለታል። ቀረብ፣ ራቅ፣ ዘመም፣ ቀና፣ ጠበቅ፣ ላላ። እነዚህን በመጽሐፍ ብታስጠናው ዓመት ይፈጃል። ገመድ ይዞ ግን በአንድ ከሰዓት ይናገራቸዋል።

«ኬጂ» የምንለው ቃል ራሱ የመጣው «ኪንደርጋርተን» ከሚለው ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል ነው። እሱ ለልጆች በመጀመሪያ ያስያዛቸው ለስላሳ የክር ኳስ ነበር፤ ቀጥሎም ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል፣ ሲሊንደርና ኪዩብ። ልጁ ሲያንከባልላቸው አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቆማል። ትምህርቱ እዚያ ውስጥ ነው። እኛ አገር ኬጂን በቤት ሥራ ብዛት መለካት የጀመርነው መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ግን እኔም «ልጄ ሲጫወት ነው የሚውለው» እየተባልኩ ብዙ ተወቅሻለሁ። ወላጁን አልቀየምም። የከፈለበትን ነገር በደብተር ላይ ማየት ይፈልጋል። በደብተር ላይ የማይታይ ትምህርት መኖሩን ግን ማመን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። አንድ ቅዳሜ ልጅህን ይዘኸው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሂድ። ከአሮጌ ብረት ስንቱን ነገር እየቀጠቀጡ፣ እያጠፉ፣ እየበየዱ አዲስ ዕቃ እንደሚያወጡ ይይ። ብልጭታው ጋ አታስጠጋው፤ ከሩቅ ይብቃው። አንተ ልጅ ሳለህ የሽቦ መኪና ሠርተህ ታውቅ ይሆናል፤ ጎማው ቆርኪ የሆነ፣ መሪው ረጅም ሽቦ። ወይም በኩሽኔታ የሚሄድ የጣውላ ጋሪ ላይ ቁልቁለት ወርደህ ጉልበትህን ተልጠህ ይሆናል። ስትመለሱ አንድ አሮጌ ኩሽኔታና ሁለት ትንንሽ ጎማ ይዛችሁ ኑ። ዝገትና ስለት ካለው ቤት ከመግባቱ በፊት በደንብ አሸው፣ ጠርዙን ሞርደው። ካቻቢቴና ፒንሳ ስትይዝ እሱም አጠገብህ ይያዝ፤ እጅህ እጁ ላይ ሆኖ። ኩሽኔታውን በጣቱ ሲያሽከረክረውና ሳይቆም ሲዞርለት ምን እንደሚል ስማው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሩዙ ለምን እንዳስቸገረው የዚያን ጊዜ ይገባዋል። ጎማ የሚያሸንፈው ፍትጊያን ነው። ጎማውን እስክታገኙ ደግሞ ከሩዙ ሥር ሦስት አራት እርሳስ አንጥፉለትና ይሞክረው።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። አማትሽን በተመለከተ ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ። «የተሸካሚ ጨዋታ ነው» ያሉት ከፍቅር ነው። እሳቸው ያደጉበት ዘመን ሸክም በጀርባ ነበር፤ ውኃው፣ እንጨቱ፣ ልጁ። የልጅ ልጃቸው ያን እንዲደግም አይፈልጉም። እኔ ብሆን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ይሄ ልጅ እኮ ሸክም ማቅለያ እየፈለገ ነው» እላቸው ነበር። ቀጥዬም «እንዝርትዎን ያሳዩት» ብዬ እለምናቸዋለሁ። ጥጥ ይፈትሉ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ባይፈትሉም ሲፈተል ያላዩ የእሳቸው ዕድሜ እናቶች ጥቂት ናቸው። እንዝርት ቀጭን ዘንግና ዘንጉ ላይ የተሰካች ክብ ነገር ናት። በመዳፍ አንዴ ትሽከረከራለች፤ የዚያች ክብ ነገር ክብደት ነው መሽከርከሯን የሚያቆይላት። የጎማና የዘንግ ዘመድ ናት። ክቧን አውጥተው ባዶ ዘንጉን ያሽከርክሩለት፤ ቶሎ ይቆማል። መልሰው ይስኩት፤ ይቆያል። ልጁ ይህን ከሴት አያቱ እጅ ቢማር ከየትኛውም መጫወቻ ይበልጥበታል። እሳቸውም ከሚከለክሉት ሰው ወደሚያስተምሩት ሰው ይዞራሉ። ከድሮ ኑሮ ሌላም ይጠይቃቸው። እንጨት የሚፈልጡት ግንዱ መሃል ሽብልቅ ለምን ይመቱ ነበር? ትልቅ ድንጋይ ከእርሻ ላይ በድጅኖ እንዴት ይፈነቅሉ ነበር?

አሜሪካ ያለችው እህትሽ መላኳ ደግ ነው፤ እምቢ አትበያት። ምን እንደምትልክ ግን ንገሪያት። በባትሪ የሚሄድ፣ ቁልፉን ተጭኖ ቁጭ ብሎ የሚታይ መኪና አይሁን። እሱ መኪናው ሲሠራ ልጁ የሚያርፍበት ነው። ባለጥርስ ጎማ፣ ዘንግና ብሎን ያላቸው፣ ተፈትተው የሚገጠሙ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ባይመጣም የጎደለበት ነገር የለም። ገመድ፣ ጣውላ፣ ጎማና ድንች አለው።

የኬጂ መምህሩን ሄደሽ አነጋግሪያት። ለመውቀስ አይደለም። ስንት ልጅ በአንድ ክፍል እንደያዘች እኔ አውቃለሁ፤ የማይቀመጥ ልጅ ያደክማል። የሩዙን ታሪክ ንገሪያት። ከተቻለሽ ሲሠራ ፎቶ አንስተሽ አሳዪያት። «ወንበር ሲደረደር፣ ዕቃ ሲነሳ እሱን አሠሪው» ብለሽ ለምኛት። ሥራ የተሰጠው ልጅ ከሥራው በኋላ ይቀመጣል። ይህን በብዙ ልጅ አይቼዋለሁ።

ስትጫወቱ ግን አንቺ ራስሽ የምትጠነቀቂው አንድ ነገር ቢኖር ምላስሽን ነው። ልጅ ሲታገል ዝም ብሎ ማየት ለእናት ከባድ ነው። እጃችን ሳናውቀው ይዘረጋል። «ና እኔ ላድርግልህ» እንላለን። ያችን ቃል ዋጫት። ሲያቅተው «ጣውላው ቢረዝምስ?» ወይም «ሌላኛውን ጫፍ ብትይዘውስ?» በዪው። አንድ ጥያቄ ብቻ። ከዚያ ቆዪ። መልሱ በአፉ ካልመጣ በእጁ ይመጣል። ሳያልቅለት እራት ከደረሰ ደግሞ አታፍርሽበት። ጣውላውን እንዳለ ወደ ግድግዳ ጠጋ አድርጊና ነገ ይቀጥል። ልጆች ሲተኙም ያስባሉ፤ ጠዋት ተነስተው ጫማ ሳያደርጉ ወደ ጣውላው የሚሮጡት ለዚያ ነው።

ቢወድቅበትስ፣ ቢሰበርስ ትይኝ ይሆናል። ከወገቡ በላይ ከባድ ነገር አይወጣም። ሩዝ፣ ድንች፣ ልብስ ያንሳ፤ ድንጋይና ብርጭቆ አያንሳ። ጣቱ ከጣውላና ከጎማ መሃል እንዳይገባ አንዴ ራስሽ በካሮት አሳዪው። ካሮቱ ሲደቅ ያየ ልጅ ጣቱን ይሰበስባል።

ስለ ትንሿ ልጅሽ አልጠየቅሽኝም፤ እሷን ግን አልረሳኋትም። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጅ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። ቆርኪ፣ ብይ፣ ብሎን፣ የኩሽኔታ ጥይት እሷ ባለችበት ወለል ላይ መፍሰስ የለበትም። ትንንሾቹ ዕቃዎች ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጡ፤ ጣሳው የእሱ ይሁን፤ መክደኑም የእሱ ኃላፊነት ይሁን። ለእሷ የካልሲ ኳስና ያቺኑ የመተኮሻ ጠረጴዛ ስጫት፤ ዝቅ አድርገሽ ትራስ ላይ አስደግፊላት። ኳሷን ከላይ ትልቀቀው። ይንከባለል። ወንድሟ ከታች ይያዝላትና መልሶ ይስጣት። ምን ያህል ጊዜ «ደግሞ» እንደምትለው ቁጠሪና ጻፊልኝ።